የድርጅቱ ጨጓራ

ገበያ ወጥቼ ቲማቲም በገዛሁ ቁጥር እናደዳለሁ። አንዱን አነሳና በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ፤ ድንጋይ ነው። ቢወድቅ አይፈነዳም፣ ሳምንት ቢሰነብት አይጨማደድም፣ ሲቆርጡት ቢላዋውን እንኳ አያረጥበውም። ሻጯ "እትዬ፣ እየነካካሽ አታበላሺብኝ" ትለኛለች። "ይሄን ማን ያበላሸዋል? መኪና ቢሄድበት አይበላሽ!" እላታለሁ። ተነጋግረን ተቀያይመን እንለያያለን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ጋሽ ቢ ትዝ ይለኝና ብቻዬን መንገድ ላይ እስቃለሁ፤ አንዳንዴም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ሙሉ ስሙ ቢ ቿንፉ ነው። ወረዳው የሚያውቀው ግን "የድርጅቱ ጨጓራ" በሚል ስም ነበር። ስድብ አይምሰላችሁ፤ የሥራ መደቡ ነበር።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በኛ በሻንዶንግ ሜዳ ገበሬው ሁሉ ስንዴውን ትቶ የላስቲክ ቤት የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ በሰሜን በኩል ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ በደቡብ በኩል ላስቲክ፣ ለሌሊቱ ውርጭ ደግሞ ከላይ የገለባ ምንጣፍ። ጎህ ሲቀድ ባልና ሚስት ጣሪያው ላይ ወጥተው ምንጣፉን በገመድ እየሳቡ ይጠቀልሉታል። ውጪው በረዶ ነው፤ ውስጡ ሲገቡ መነጽር በእንፋሎት ይሸፈናል፣ የቲማቲም ቅጠል ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ያን ሽታ ዛሬ የትም አላገኘሁትም።

እኔ ሃይላን ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የእንግሊዝኛ ተርጓሚ ነበርኩ። አንድ የሆላንድ የአትክልት ዘር ድርጅት ከተማችን ላይ ቢሮ ሲከፍት ቀጠረኝ። ሥራ አስኪያጁ ያን ሆፍስትራ ይባላል። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው፤ ሌላው ስለ ልጆቹ እንደሚያወራ እሱ ስለ ቲማቲም ያወራል። "በሽታ አይደፍረውም፣ መንገድ አይጎዳውም፣ ምርቱ ካሮጌው ዘር እጥፍ ነው" ይል ነበር፤ አልዋሸም። ዘር እኛ ዘንድ የሚሸጠው በቢሮ ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ መሆኑን ግን ወደዚህ ሲልኩት ማንም አልነገረውም።

የወረዳው የዘር ጣቢያ ኃላፊ አቶ ሉዋን ነበር፤ አንገቱ ወፍራም፣ ሳቁ ከሦስት ክፍል ማዶ የሚሰማ። እሱ ያልተቀበለው ዘር ወረዳችን ውስጥ አይዘራም። ምሳ ጋበዘን። ራሱ በሩን ፊት ለፊት ይዞ ተቀመጠ፣ ሆፍስትራን በቀኙ አስቀመጠ፣ የማሽላ አረቄ በየብርጭቆው ተንቆረቆረ። ሉዋን ብርጭቆውን ይዞ ሲነሳ ሆፍስትራ የራሱን በመዳፉ ከደነና ውሃ ጠየቀ። አባቱን መጠጥ ገድሎበት፣ ገና በልጅነቱ ለእናቱ "አልቀምስም" ብሎ ምሎላት ነበር። ይህንኑ ተረጎምኩ። ጠረጴዛው "አይ፣ ደግ ልጅ ነው" አለና ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ።

ከዚያ አሳው መጣ። በኛ ወግ የአሳው ራስ የዞረበት ሰው የክብር እንግዳ ነው፤ እሱ ሦስት ብርጭቆ ካልጨለጠ ማንም ቾፕስቲኩን አያነሳም። የአሳው ራስ ወደ ሆፍስትራ ዞረ። ሆፍስትራ ውሃውን አነሳ፣ ፈገግ አለ፣ ጠጣ። አሳው ቀዘቀዘ። ስንወጣ ሉዋን የሆፍስትራን እጅ ይዞ "እናስብበታለን" አለ።

መኪና ውስጥ ሆፍስትራ ፊቱ በርቶ "ሰማሽ አይደል? ሊያስቡበት ነው!" አለኝ።

"ሚስተር ሆፍስትራ፣ 'እናስብበታለን' ማለት 'አይሆንም' ማለት ነው።"

"ታዲያ ለምን 'አይሆንም' አይሉም?"

"እንግዳ ነዎታ!"

መድኃኒቱ አንድ ነበር። በኛ ማዕድ በሰው ፋንታ መጠጣት ነውር አይደለም። አንዱ ሲደክመው ወዳጁ ብድግ ብሎ "በሱ ፋንታ እኔ" ይልና ብርጭቆውን ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው ሰው ይከበራል። ሆፍስትራ ወዳጅ አልነበረውምና መቅጠር ነበረበት።

ቢ ቿንፉን ሠርግ ላይ አውቀው ነበር። ከተዘጋው የጫማ ፋብሪካ የወጣ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ አጭር፣ ድርቅ ያለ፣ ጆሮው ትልልቅ። ፋብሪካው ሲዘጋ "አታስፈልግም" ብለው አሰናብተውት፣ ሁለት የላስቲክ ቤት ሠርቶ ቲማቲም ያመርት ነበር። ሠርግ ሲኖር ግን የሙሽራው ቤተሰብ በሙሽራው ፋንታ እንዲጠጣ ለምኖ ይወስደዋል። የሙሽሪት አጎቶች አንድ በአንድ እጅ ሲሰጡ እሱ ሳህን ሲያነሳሳ ይገኛል።

ቢሮ አመጣሁት። ሆፍስትራ ወንበር ሰጠውና ሙያው ምን እንደሆነ ጠየቀው።

"በሰው ፋንታ እጠጣለሁ" አለ ጋሽ ቢ።

ተረጎምኩ። ሆፍስትራ መነጽሩን አወለቀ። "እሱ ሥራ ነው?"

ጋሽ ቢ ወደኔ ዞረ። "ልጄ፣ ረጅሙን ጠይቂልኝ። ባለፈው ራሱ ሲሞክረው ምን አተረፈ?"

ሆፍስትራ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ጋሽ ቢ በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረ፤ ኮትም አሰፋ።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ሦስታችን በአሮጌ ጂፕ ከወረዳ ወረዳ እንዞራለን። ሾፌሩ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ሆፍስትራ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ከፊት ይቀመጣል፣ ጋሽ ቢ ከኋላ ከኔ ጎን ሆኖ ቀጭን ቂጣ ውስጥ ቀይ ሽንኩርቱን ከነጭራው ጠቅልሎ ይገምጣል። ሚስቱ እትዬ ሱቺን በፔርሙስ የዳጉሳ አጥሚት ትሰጠዋለች። ከግብዣ ስንወጣ ያን አጥሚት በክዳኑ እየቀዳ ቀስ ብሎ ይጠጣና "እሱ የረጅሙ ነበር፣ ይሄ የኔ ነው" ይላል።

ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ነው። ሆፍስትራ የተጋበዘውን ብርጭቆ ሁሉ "በሱ ፋንታ እኔ" እያለ ይጨልጣል፤ ከዚያ ተራው የሱ ይሆንና ጋባዦቹን ያሳድዳቸዋል። ማምለጫ አይሰጥም። አንዱ ጉበቴን አመመኝ ካለው፣ "ጉበት ቤት ነው ወንድሜ፣ ካልታጠበ ይሸታል!" ይለዋል። ሌላው ሐኪም ከልክሎኛል ሲል፣ "የትኛው ሐኪም? ጥራውና ከሦስታችን ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ እንይ!" ሚስቴ ትቆጣለች ለሚል ደግሞ፣ "እሷን እኔ ከነገ ጀምሬ እለምንልሃለሁ፣ አንተ ዛሬ ጨልጥ!" ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል። ሉዋን ከሁሉ በላይ ወደደው። እነዚያን መልሶች በቃሉ ይዞ በሌላ ግብዣ ላይ እንደራሱ አድርጎ ይናገራቸው ነበር።

ትእዛዙ ይጎርፍ ጀመር። የድርጅቱ ጨጓራ የሚለው ስም የወጣውም ያኔ ነው። ጋሽ ቢ ደስ ይለዋል። "አታስፈልግም" የተባለ ሰው፣ አሁን ኃላፊዎች ወንበር ስበው "ና እዚህ ጎኔ" ሲሉት ልቡ እንዴት አይሞቅ?

በየማዕዱ መጨረሻ ሆፍስትራ አንድ ጥያቄ አለችው። ቀይ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ቲማቲሙን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና "ለመሆኑ ቲማቲማችን እንዴት ነው?" ይላል።

"ግሩም ነው!" ይላል ሉዋን።

"ግሩም ነው!" ይላል ጠረጴዛው በሙሉ። ጋሽ ቢም ጭምር።

እኔም "ግሩም ነው ይላሉ" ብዬ እተረጉማለሁ። የተባለውን መተርጎም ነው ሥራዬ።

እኛ እኮ ቲማቲም የምንበላው በጥሬው ነው። ሐምራዊ መልክ ያለው፣ ቆዳው ስስ፣ ሲነኩት የሚፈነዳው አሮጌው ዘር በሳህን ላይ ይቆራረጥና ስኳር ይነሰነስበታል። ትንሽ ሲቆይ ስኳሩ ይሟሟና ከታች ጣፋጭ ጭማቂ ያቁራል። ልጆች የሚጣሉት በቲማቲሙ አይደለም፣ በዚያ ጭማቂ ነው። በሆፍስትራ ቲማቲም ላይ ግን ስኳሩ እንደተነሰነሰ ያድራል። ገበሬው ለሉዋን ይሉኝታ ሲል ከላስቲክ ቤቱ ጥግ ላይ ትንሽ ይተክለዋል፣ ለሚጎበኝ ሰው ያሳየዋል፤ ለቤቱና ለገበያው ግን አሮጌውን ነው የሚያመርተው። ይህን የማያውቅ ሰው በወረዳው ውስጥ ሆፍስትራ ብቻ ነበር። ለዚያ ደግ ሰው እንዴት ተብሎ ይነገረዋል?

በሦስተኛው ዓመት፣ የአኻያው ዛፍ ሲያቆጠቁጥ፣ ጋሽ ቢ አንድ ማለዳ የገለባ ምንጣፉን ሲጠቀልል ጣሪያው ላይ ተንበረከከና ደም አስታወከ። እትዬ ሱቺን በጋሪ ሆስፒታል አደረሰችው። ጨጓራው ቆስሎ ደምቶ ነበር። ሐኪሙ "ሌላ ጊዜ አረቄ ከቀመስክ እዚህ እንኳ አትደርስም" አለው። ጋሽ ቢ ሚስቱንም እኔንም ለማንም እንዳንናገር አስማለን። ጨጓራ የተባለ ሰው ጨጓራው ቆሰለ ሲባል እንዴት ፊቱን ያሳያል? ለሆፍስትራ ግን ነገርኩት። ቀለሙ ጠፋ። "ከአሁን በኋላ አንዲት ጠብታ እንዳይነካ" አለኝ።

እንዳጋጣሚ ያን ሰሞን ዋናው መሥሪያ ቤት ከሆላንድ ቁርጡን አሳውቆ ነበር፤ የወረዳው የዘንድሮ ውል ካልተፈረመ ቢሮው ይዘጋል። ሉዋን ለምሳ ጠራን። ሆፍስትራ ጋሽ ቢን "አንተ አትመጣም" አለው።

"ካልመጣሁማ ሉዋን ይቀየማል፣ ውሉም ይቀራል" አለ ጋሽ ቢ። "ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ። ምን ችግር አለው?"

በዚያን ቀን ጠዋት እትዬ ሱቺን ቢሮ መጣች። ጓንቷን አላወለቀችም፣ አልተቀመጠችም። "ሃይላን" አለችኝ፣ "ከሠርግ ቤት ለቅመሽ የወሰድሽው አንቺ ነሽ። የምትመልሺልኝም አንቺ ነሽ። እሱ 'ሻይ እይዛለሁ' ሲል አታምኝው፣ ሰው ሲስቅለት ራሱን አያውቅም።"

"እመልሰዋለሁ፣ እትዬ ሱቺን።"

"ቆሞ?"

"ቆሞ።"

ፔርሙሱን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ሉዋን ጥሩ ስሜት ላይ ነበር። ጋሽ ቢን ሲያይ አቅፎ ከመሬት አነሳው። "የት ጠፍተህ ነው? ጉሮሮዬ ደርቆ ሞትኩ እኮ!" አለና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላለት።

ጋሽ ቢ በሁለት እጁ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። "ሉዋን ወንድሜ፣ ዛሬ ይቅርብኝ። አሞኛል።"

"ምንህን?"

"ጨጓራዬን።"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ሉዋን እንባውን እየጠረገ "ጨጓራ ቤት ነው ወንድሜ፣ ካልታጠበ ይሸታል!" አለ።

"የምሬን ነው፤ ሐኪም ከልክሎኛል።"

"የትኛው ሐኪም? ጥራውና ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ እንይ!" አሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድ አፍ።

"ሱቺን…" አለ ጋሽ ቢ። ሊጨርስ አልቻለም።

"እሷን እኔ ከነገ ጀምሬ እለምንልሃለሁ!" ብሎ ሉዋን ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

ሦስት ዓመት የሰውን ማምለጫ ሁሉ ሲዘጋ ኖሮ፣ አሁን ለራሱ አንዲት ቀዳዳ አልቀረችለትም። እውነቱን ተናገረ፣ እውነቱም ቀልድ ሆነ። እኔ "አቶ ሉዋን፣ እውነቱን ነው" ብል "አንቺ ልጅ፣ ጭማቂሽን ጠጪ" አሉኝ።

አሳው መጣ። አስተናጋጇ ሳህኑን ስታስቀምጥ ሉዋን በገዛ እጁ አዞረው። የአሳው ራስ ከሆፍስትራ አልፎ ጋሽ ቢ ፊት ቆመ። ኃላፊ ለሠራተኛ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። ሦስቱ ብርጭቆ ተደረደረ። ጋሽ ቢ አሳውን አየ፣ ሉዋንን አየ፣ ውሉ ያለበትን የሆፍስትራን ቦርሳ አየ። ጆሮው ቀልቷል። እጁ ወደ ብርጭቆው ሄደ።

ክንዱን ያዝኩት። "ጋሽ ቢ፣ እትዬ ሱቺን።"

"ልጄ፣ ዝም በይ" አለኝ በሹክሹክታ። "ሦስት ብቻ ናት።"

ከጎናችን ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሆፍስትራ ቆሟል። የኛን ቋንቋ ከሰላምታና ከ"አመሰግናለሁ" በላይ አያውቅም፤ ከጋሽ ቢ አፍ ደጋግሞ የሰማትን አንዲት ነገር ግን ያውቅ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን ከጋሽ ቢ ጣቶች መሃል አወጣ።

"በሱ ፋንታ እኔ" አለ፣ በተንጋደደ አነጋገሩ።

ጨለጠው። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ሳል ያዘው፣ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ማንም አልሳቀም። ሁለተኛውን አነሳና ጨለጠ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሳሉ ተመለሰበትና ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፤ ሆፍስትራ ራሱ አልተቆጠረም እንደማለት ጣቱን አወዛውዞ እንደገና እንዲቀዱለት በምልክት ጠየቀና እሱንም ጨረሰ። ያ ለእናቱ የማለ ሰው!

ሉዋን ቀስ ብሎ ተነሳ። ጋሽ ቢን አገጩን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። "እውነትህን ነው እንዴ የታመምከው?"

"እውነቴን ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገርኩህ እኮ" አለ ጋሽ ቢ፤ ያን ጊዜ ድምፁ ተሰበረና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሉዋን የራሱን ብርጭቆ አንስቶ የአበባው ማሰሮ ውስጥ ደፋው። "ሻይ!" ብሎ ጮኸ። "ለሁሉም ሻይ!" ከዚያ በወፍራም እጁ ሆፍስትራን ትከሻውን ጨብጦ ወደ ወንበሩ መለሰውና "ተርጉሚ" አለኝ። "ሦስት ዓመት አብረን በልተናል፤ የተዋወቅነው ግን ዛሬ ነው በይው። አምጣ ወረቀቱን፣ እፈርማለሁ።"

ሆፍስትራ ቦርሳውን ገልብጦ ሲከፍት ወረቀቱ መሬት ወደቀ። ያነሳው ጋሽ ቢ ነው። አነሳውና አልሰጠም። ደረቱ ላይ ያዘው።

"ሃይላን፣ አሁን የምለውን ሳትቀንሺ ተርጉሚለት" አለኝ። "ቲማቲሙ አይረባም።"

"ቿንፉ!" አለ ሉዋን ደንግጦ።

"አይረባም! ቆዳው ጎማ ነው። ስኳር አይቀበልም። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ በልቶት አያውቅም። የምንተክለው አንተ እንዳይከፋህ ጥግ ላይ ነው። እኔም የላስቲክ ቤቴ ጥግ ላይ ነው የተከልኩት፤ ለአሳማ ነው የምሰጠው። እኔን ከሞት አድነኸኝ እኔ ዛሬም 'ግሩም' ልበልህ? አልልም!"

ተረጎምኩ። "አሳማ" የምትለዋን እንኳ አልቀነስኩም። የሆፍስትራ ፊት በአረቄው ቀልቶ ነበር፤ አሁን ነጣ። ጠረጴዛውን አንድ በአንድ አየ።

"ሦስት ዓመት 'ግሩም ነው' አላችሁኝ!" አለ።

"እንግዳ ነህ እኮ!" አለ ሉዋን ግራ ገብቶት። "ቲማቲምህን ከኪስህ አውጥተህ እንደ ልጅህ እያሳየኸን፣ ምን እንበልህ?"

ሉዋን ወደ ወጥ ቤት ገባና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ተመለሰ። አሮጌው ሐምራዊ ቲማቲም ነው፣ በስኳር። ሆፍስትራ አንድ ቁራጭ ጎረሰ፤ ከዚያ ሌላ። ሳህኑን ባዶ እስኪያደርግ ቀና አላለም። መጨረሻ ላይ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጭማቂውን ጠጣ። "ይሄን" አለ፣ "ይሄን ሦስት ዓመት ደበቃችሁኝ?" እየተቆጣ ነበር፤ ግን ከንፈሩ ላይ ስኳር ነበረበትና ልንፈራው አልቻልንም።

ውሉ አልተፈረመም። ራሱ ሆፍስትራ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ መለሰው። ጋሽ ቢን በሁለት እግሩ ለሚስቱ አስረከብኩ፤ ፔርሙሱን ስትቀበለኝ ቀና ብላ ባሏን አሸተተችው፣ ከዚያ እኔን አሸተተችኝ፣ ከዚያ በሾፌሩና በኔ የተደገፈውን ሆፍስትራን። "ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?" አለች። ስነግራት፣ ለጋሽ ቢ የያዘችውን አጥሚት ከፍታ ሆፍስትራን አጠጣችው።

ሆፍስትራ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሐምራዊና ስስ ቆዳ ያለው ዘር ለማዳቀል ጊዜ እንዲሰጡት ለመነ። ጠንካራው በዓለም ሁሉ ተወዷል፣ የሻንዶንግ ሰው ምን የተለየ ምላስ አለው ብለው ሳቁበት። በመከር ቢሮው ተዘጋ። ባቡር ጣቢያ ስንሸኘው ጋሽ ቢ ከግቢው ለቅሞ ያደረቀውን የአሮጌውን ቲማቲም ዘር በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተለት። ባቡሩ እስኪሄድ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ፤ እኔን የሚያስተረጉመኝ አንድም ነገር አልነበራቸውም።

ኋላ ሌሎች የውጭ ድርጅቶች መጡ። ያን ጊዜ መንገዱ ሰፍቶ፣ ጭነት መኪናው እስከ ሩቁ ሰሜን ይሄድ ነበር። ስስ ቆዳ ያለው ቲማቲም መንገድ ላይ ይፈርሳል፤ ጠንካራው ይደርሳል። እኛም ለመድነው። አሳማ የበላውን ቲማቲም ዛሬ እኔ በገንዘቤ እገዛለሁ። ሆፍስትራ ጥፋቱ ቀድሞ መምጣቱ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ በሱም በኛም አዝናለሁ።

ጋሽ ቢ ግን ኖረ። አረቄ ሳይቀምስ፣ ምንጣፉን እየጠቀለለ፣ ሠርግ ሲጠሩት ሻይ ይዞ እየቀለደ። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ከሆላንድ አንድ ትንሽ ጥቅል ደረሰው፤ ዘር ነበር። ሆፍስትራ ጡረታ ወጥቶ በጓሮው የጋሽ ቢን ዘር ከራሱ ጋር ሲያዳቅል ኖሯል። ተዘራ። ሐምራዊ፣ ቆዳው ስስ፣ በሽታ የማይደፍረው። ብዙ ርቆ የማይሄድ ነውና ማንም ለንግድ አልፈለገውም። በቢ ግቢ ብቻ ቀረ።

በዚያው በጋ ሆፍስትራ ራሱ መጣ፤ ጎብጦ አሁን ከበር ጋር እኩል ሆኗል። ግቢው ውስጥ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሳህኑ መሃል ተቀመጠ። ቁራጩ ካለቀ በኋላ ጋሽ ቢ ጭማቂውን በትንንሽ ብርጭቆ ቀዳ፣ ብድግ አለ፣ እንደ ጥንቱ ኮቱን አስተካከለ። "የክብር እንግዳ ሦስት ይጠጣል!" አለው። ሆፍስትራ ሦስቱንም ጨለጠ። "ቲማቲማችን እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ትንሽ ይጎመዝዛል" አለ ጋሽ ቢ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲስቁ ዶሮዎቹ ደንግጠው ተበተኑ።

ጋሽ ቢ ያረፈው ካቻምና ነው፤ በእርጅና፣ በአልጋው ላይ፣ ሱቺን እግሩን እያሸችው። በኛ አገር በየዓመቱ በሚከበረው የመቃብር መጥረጊያ በዓል ሰው ሁሉ አረቄ ይዞ ለሙታኑ ያፈሳል። እትዬ ሱቺን ግን "በቁሙ የከለከልኩትን ሞቶ አላጠጣውም" ብላ የቲማቲም ሳህኗን ይዛ ትሄዳለች፤ እኔም አብሬያት። ዘንድሮ በበዓሉ ጠዋት ሆፍስትራ ደወለልኝ። ጉልበቱ እምቢ ብሎታል፣ ከቤት አይወጣም። "ሃይላን፣ ሂጂልኝ" አለኝ።

ሱቺን ከጭማቂው ግማሹን ለባሏ አፈር ላይ አፈሰሰች። የቀረውን በብርጭቆ ቀድታ ዞር ዞር አለች። "የረጅሙን ማን ይጠጣል?" አለች።

ብድግ ብዬ ተቀበልኳት። "በሱ ፋንታ እኔ" አልኩ፣ እያለቀስኩ።

"ሦስት ነው" አለች እትዬ ሱቺን፣ ሌላ እየቀዳችልኝ።